ከብስክሌት ወርዶ ናጋ ማለት

ለበቅሎ ጽፈን ብስክሌት መጣልን። የክሊኒኩ በቅሎ በገንዲ በሽታ ከሞተች በኋላ ከነገሌ ወደ በላይ ደብዳቤ ላክን፤ ዓመት ያህል ጠበቅን፤ አንድ ቀን ከጭነት መኪና ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጥቁር ብስክሌት አወረዱልን። አብሮት የመጣው ወረቀት «የመጓጓዣ እንስሳ ስላልተገኘ በምትኩ» ይላል። በምትኩ! እርግጥ ነው፣ ብስክሌት ሣር አይበላም፤ ገንዲም አይይዘውም። ግን በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው አይደክመውም፤ የሚደክመው እሷን ነው። እዚህ ላይ በቅሎዋም ተቀማጩም እኔው ልሆን ነው።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነበር፤ እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመቴ። ከሰሜን መጥቼ በድሬሰርነት ስቀጠር ቀጭን ነበርኩ። ቁስል ስጠርግ፣ መርፌ ስወጋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲጋራዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሆድ አወጣሁ። ደረጃ እንኳ የሌለበት ከተማ ውስጥ ስለምኖር ትንፋሼ ምን ያህል እንዳጠረ የማውቅበት አጋጣሚ አልነበረኝም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ልተወው አስቤ ነበር።

እንዳልተወው ያደረገችኝ አንዲት ሴት ናት። ከከተማው በእግር አራት ሰዓት ከሚርቅ የቦረና መንደር አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው፤ የአንድ ሕፃን እናት ናት። የሳንባ ነቀርሳ ነበረባት። የክሊኒኩ ኃላፊ ስትሬፕቶማይሲን አዘዘላት፤ በየሁለት ቀኑ አንድ መርፌ፣ ሦስት ወር ሙሉ። «ካቋረጠች በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ሌላ የምንሰጣት የለም፤ ትሞታለች» አለኝ። ከተማ እንድትቀመጥ ለመንናት። አንድ ሳምንት ሞከረች። ልጇን አስባ ታለቅሳለች፣ የከተማው ምግብ ከአፏ አይገባም፣ እየባሰባት ሄደ። በስምንተኛው ቀን ባሏ ሊወስዳት መጣ።

«ወደ ቤቷ ውሰዳት፣ እኔ እየመጣሁ እወጋታለሁ» አልኩት።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ቁጥብ ሰው ነው። ብስክሌቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «አንቱ፣ ከጀመርን እንጨርሳለን?» አለኝ።

«አንድ ቀን አላጎድልም» አልኩ። አፍ ዳገት አይፈራም።

ብስክሌት መንዳት ግን አልችልም ነበር። ያስተማሩኝ ከገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጠረፍ ከተማ ሲነግዱ ይነዱ ነበር አሉ። ጠዋት ጠዋት ጣሊያን ትቶት ወደ ሄደው የአውሮፕላን ሜዳ ይዘውኝ ይወጣሉ፤ ሽርጣቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው ኮርቻውን ከኋላ ይይዙልኛል። «ሱታ! ሱታ! ጎማውን ምን ታያለህ? ሩቅ እይ እንጂ!» ሱታ ማለት ቀስ ነው። እኔ ቀስ ስል ብስክሌቱ ይወድቃል፤ ስፈጥን እኔ እወድቃለሁ። ሁለቱ ጉልበቶቼ ተላጡ፤ መዳፌ ውስጥ ጠጠር ገባ። ለሰው የምቀባውን አዮዲን ለራሴ ስቀባ ያኔ ነው እንዴት እንደሚያቃጥል ያወቅኩት።

«ሐጂ፣ ይተዉኝ፤ በዚህ ዕድሜ አይሆንልኝም» አልኳቸው።

«አብሽር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። «ሲጋራውን ግን ጣል። ሁለት ነገር ባንድ ሳንባ አይነፋም።»

በስድስተኛው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ፤ ከመሬት ተነስቶ መውጣት። ድንጋይ ላይ ቆሜ ካልሆነ በቀር ኮርቻው ላይ መቀመጥ አልችልም። ሐጂ ይህን ሲያዩ ሳቁ፤ «መንገዱ ላይ ድንጋይ አይጠፋም» ብለው ተውኝ። እኔም ትንሽ ነገር መስሎኝ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ አልረሳውም። መርፌውንና ብልቃጡን በጣሳ፣ ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩ። ከከተማው መውጫ ካለው ትልቅ ግራር ስደርስ ጭኖቼ መቃጠል ጀመሩ። ደረቁ ወንዝ ጋ አሸዋው ጎማውን ውጦ አስቀረው፤ ወርጄ ገፋሁ። ከወንዙ ወዲያ ቀይ ዳገት አለ። እሱን በእግሬ ስገፋ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታ ነበር፤ አፌ ደረቀ፤ ከዳገቱ መካከል ላይ ቁጭ ብዬ አስመለሰኝ። ከመንደሩ በፊት ደግሞ የግራር እሾህ የጎማውን ካላማዳሪያ ወጋው። የቀረውን መንገድ እኔ ብስክሌቱን ይዤው ሄድኩ እንጂ እሱ እኔን አልያዘኝም።

በረቱ በር ላይ እንደደረስኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚንቀጠቀጥ እጅ ሰው አይወጋም። ቁጭ አልኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ከብቦኝ እጄ እስኪረጋ ጠበቀ። በሽተኛዋ ከቤት ወጥታ በበሬ ቆዳ ላይ ተቀምጣ አየችኝ፤ አየችኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች፤ ሁሉም ሳቀ። ባሏ ተረጎመልኝ፤ «መርፌውን እሱን ውጉት፣ ከሱ እኔ እሻላለሁ» ነው ያለችው። አማቷ ብቻ አልሳቀችም። አጭር፣ ቀጭን አሮጊት ናት፤ በጢስ የታጠነ ወተት ይዛ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች፤ እስክጨርሰው ድረስ ዕቃውን አልለቀቀችም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር እንደዚያው ታደርግ ነበር። አዮ እላት ጀመር፤ እናቴ ማለት ነው።

ድካም የሚባለውን ነገር ያኔ ነው በደንብ የተዋወቅኩት። ማታ ሲሆን የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር፤ አያልፍም፤ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ባቶቼ ታስረው ያድራሉ፤ ሚስቴ በቅቤ ታሸኛለች፤ እያሸች «የመንግሥት በቅሎ» ትለኛለች። አንድ ቀን ተጉዤ በማግስቱ ክሊኒክ ቆሜ እውላለሁ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና መንገድ ነው። ሲጋራውን ተውኩ፤ በጎነት አልነበረም፣ የማጨስበት ትንፋሽ አልተረፈኝም። ሆዴ ትንሽ ጎደለ፤ ጭኔ ግን አልጠነከረም። ሰው ሁሉ «ትለምደዋለህ» ይለኛል። የሚለምደው በሽታው ነው ብዬ በውስጤ እናደድ ነበር።

ከሁሉ የከፋኝ መውረድና መውጣት ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ አለ፤ ግን ሰው በሚያስቆመኝ ቦታ የለም። አንዴ ከወረድኩ ድንጋይ ፍለጋ ሃምሳ እርምጃ እገፋለሁ፤ እግሬ ይሞታል፤ እሱን እንደገና ለማንቃት ስቃይ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ አለመውረድ። ከብት የሚነዳ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ከፊቴ ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን እያየሁ አልፋለሁ። ከኋላዬ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ለመመለስ ትንፋሽ የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ አገር ኖሬ፣ ሱቅ ገብቶ ናጋ ሳይባባሉ ክብሪት እንኳ እንደማይገዛ እያወቅኩ፣ መንገድ ላይ ያንን ዋጥኩት። ደክሞኛል፣ ይገባቸዋል አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ስመለስ ደረቁ ወንዝ አጠገብ አንድ ሰው ሁለት ግመል እየሳበ መጣ። ፀሐይ ከፊቴ ነበረች፤ መልኩን አላየሁም። አሸዋው ላይ ከቆምኩ እንደማልነሳ አውቃለሁ። አንገቴን ደፋሁና አለፍኩ። ሰውየው ቆሞ እንዳየኝ ትዝ ይለኛል። ናጋም አላለኝ። ተገላገልኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በተራዬ ቀን ስሄድ መንደሩ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ባሏ በረቱ በር ላይ ቆሟል። እስከዚያ ቀን አንቱ ይለኝ ነበር።

«አንተ» አለኝ። «ምን አድርጌህ ነው?»

ለካ ባለ ግመሉ እሱ ነበር። ፊልቱ ገበያ ሰንብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሚስቱን የሚያክመው ሰው ከቤቱ አቅጣጫ መጣ፤ አንገቱን ደፍቷል፤ ናጋ ሳይል አለፈ። በአገሩ ሰው ናጋ የሚነፍገው ጠላት ሲሆን ነው፤ ወይም በአፉ ሞት ይዞ መናገር ሲያቅተው። ጠላቱ እንዳልሆንኩ ያውቃል። ስለዚህ ሞታለች አለ። ቤቱ ሊገባ እግሩ እምቢ አለው። ግመሎቹን አዙሮ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ አባቷ ዘንድ ሄደና መርዶውን ነገረ። አባቷም ወንድሞቿም ዘመዶቿም እያለቀሱ ወደ መንደሩ ሲደርሱ ልጅቱ ከቤቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ወተት ትንጣለች።

አባቷ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ አሉ። ሌሎቹም ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባቸው። እሷ ብቻ አልሳቀችም። «ሞቴን ማን ነገራችሁ?» ብላ ጠየቀች። «ሐኪሙ» አሏት።

መርፌውን ይዤ ስቀርብ ክንዷን በጋቢዋ ሸፈነች። «ሞቴን ካወቅህ ለምን ትወጋኛለህ?» አለች። አልተናገርኩም፣ ምንም አላወቅኩም፣ ደክሞኝ ነው አልኩ። ባሏ ተረጎመ። «ናጋ ለማለት የሚደክመው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ተናደድኩ፤ በራሴ ነው ማለት እወዳለሁ፣ ግን ውሸት ነው፤ በእሷም ተናደድኩ። ለእሷ ስል ሳንባዬን እየተፋሁ ስለ ሰላምታ ትከራከረኛለች ብዬ። ብልቃጡን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ያን ቀን ዳገቱን ስወርድ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

በሦስተኛው ቀንም ብሄድ ክንዷን አላወጣችም። ሁለት መርፌ ተዘለለ። ኃላፊዬ የነገረኝ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ሦስተኛው ቢዘለል፣ አራተኛው ቢጨመር፣ ያቺ ሴት በእኔ አንገት መድፋት ምክንያት ልትሞት ነው። ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። «ያ ረቢ! ቦረና መንገድ ላይ ናጋ ከለከልክ? ወንድሜ፣ ውሃ ብትከለክል ይሻልህ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

«መውጣት አልችልማ፣ ሐጂ! ከወረድኩ መውጣት አልችልም!»

«ታዲያ ትማራለህ» አሉና ሱቁን ዘግተው ወጡ። ያን ሰዓት ገበያ ነበር፤ ሐጂ ገበያ ጥለው ሱቅ ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱን እግር ፔዳሉ ላይ አድርጎ በሌላው መሬቱን እየረገጡ ተንደርድሮ መውጣትን እስከ ምሳ ድረስ አስተማሩኝ። የውስጥ ጭኔ ሁሉ ቆሰለ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጉዞዬ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ወርጄ ሰላም አልኩ። የቦረና ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። «ናጋ?» «ናጋ።» «ሎን ናጋ?» ከብቱ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። «ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹስ? ሣሩ? ጉድጓዱ? ዝናቡ ከየት በኩል ደመነ? ሁሉም ናጋ ነው፤ ናጋ ያልሆነም ካለ መጀመሪያ ናጋ ተብሎ በኋላ ነው የሚነገረው። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ጊዜ ወረድኩ፣ አሥራ አራት ጊዜ ወጣሁ። መንደሩ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ «ሐኪሙ ምላሱ ተፈታ» እየተባለ ይሳቃል። በሽተኛዋ ገና ፊቷን አልፈታችም። አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ ረጅም ነገር ተናገረቻት። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ብቻ ጋቢው ተገለጠና ክንዷ ወጣ።

እግሬ መቼ እንደጠነከረ ቀኑን ቆጥሬ አልነግራችሁም። አንድ ቀን ቀዩን ዳገት ግማሽ ድረስ ሳልወርድ ወጣሁት፤ ግማሽ ላይ የወረድኩትም ደክሞኝ ሳይሆን አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት ናጋ ስላለችኝ ነው። ለካ በየሰው ፊት የቆምኩት መቆም ሳንባዬን ይሞላልኛል፤ ተንደርድሮ መውጣቱም ጭኔን ይሠራዋል። አንገቴን ደፍቼ ስሮጥ የሚፈጀውና አሥራ አራት ጊዜ ቆሜ የሚፈጀው ሰዓት ያው ነበር። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ደክሞኝ ነበርና ደስታውም ደከመ። ከድሮው ድካም የሚለየው እንቅልፍ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

ሦስት ወሩ አለቀ። የተዘለሉትን ሁለቱን መጨረሻ ላይ ጨመርንላት። ጉንጯ ሞልቶ፣ ሳሏ ጠፍቶ፣ ጥጆቹን ራሷ ስታስገባ አየኋት። የበልጉ ዝናብ ሲጥል መንደሩ ከብቱን ተከትሎ ወደ አሬሮ አቅጣጫ ተነሳ። እኔም ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ጀምሬ ጨረስኩ አልኩ። ጨረስኩ የሚለው ቃል እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት በር ላይ ያቺ ሴት «ናጋ?» ስትል ሰማኋት። በእግሯ መጥታለች። ተነስቼ እጇን ጨበጥኩ፤ ኦሮምኛዬ እስከቻለ ድረስ ሁሉንም ጠየቅኩ፤ ከብቱ ናጋ፣ ልጁ ናጋ፣ ባሏ ናጋ፣ ሣሩ ናጋ። ከዚያ ዘወር አለች። ከኋላዋ አዮ በምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። ድሮም ቀጭን ናት፤ አሁን ልብሱ ብቻ የቆመ ይመስላል። ሳለች፤ ሳሉን ከርቀት አወቅኩት። ከድንጋጤዬ ቀጥሎ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም፤ ስለ መንገዱ ነው። ይህን መናገር አለብኝ።

«አሁን የት ሰፍራችኋል?» አልኩ። ልጅቱ በአገጯ ጠቆመች። ከድሮው እጥፍ ይርቃል።

«በየሁለት ቀኑ እመጣለሁ» አልኩ።

አዮ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዲገባኝም ኦሮምኛውን ቀስ እያለች ተናገረች። «እሷ ናት ያመጣችኝ። እኔስ ልሰናበትህ ነው የመጣሁ» አለች። «ስትመጣ አይቼሃለሁ፣ ልጄ። ነፍስህ እስኪመለስ ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ወጣት ናት፣ ልጅ አላት፣ ለእሷ ይገባል። ለአሮጊት ተብሎ የሰው ልጅ አይገደልም።»

«አሁን አይደክመኝም፣ አዮ።»

«ይደክምሃል።»

መከራከሩን ተውኩ። ብስክሌቱን ከግድግዳው አነሳሁና አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ተንደርድሬ ወጣሁ። ክሊኒኩን መዞር ጀመርኩ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች አንገታቸውን አዙረው ያዩኛል፤ አንዱ ያጨበጭባል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጊዜ ዞርኩ። አርባ ሊሞላው የቀረበ ጎልማሳ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ አንዲት አሮጊት መዳንን እሺ እንድትል እንደ እብድ ግቢ ይዞራል። አምስት ወር በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁና ጭኔ መቃጠል ጀምሮ ነበር። ሰባተኛውን ዞሬ ከፊቷ ስወርድ አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ ብቻ ተነፈስኩ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከርኩ።

አዮ ምርኩዟን መሬት ላይ ተክላ ከፍ ዝቅ የሚለውን ደረቴን አየች።

«ደክሞሃል» አለች። «ትዋሻለህም። ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ልጅ ግን እምቢ አይባልም።»

ምርኩዟን ለምራቷ ሰጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔም መርፌውን ለመቀቀል ውሃ ልጥድ ገባሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩና እስኪወጣልኝ ድረስ ተነፈስኩ።